የባላቸውን ስም የማያውቁ ሴቶች

ባለፈው ግንቦት፣ ከአንጋጫ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ የመሬት ምዝገባ ተካሄደ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከተመዘገቡት ሴቶች አብዛኞቹ የባላቸውን ስም እንደማያውቁ መዝገቡ ላይ ሰፈረ።

ቀልድ አይደለም። መዝገቡ ታብሌት ላይ ነው፤ ታብሌቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። «የባል ሙሉ ስም» ይላል። ከሥሩ «አታውቅም» ይላል። በጣታችሁ ገፋ ስታደርጉት ቀጣዩ ይመጣል። «አታውቅም»። ቀጣዩም «አታውቅም»። እስቲ አስቡት። አርባ ዓመት አብራው የኖረች፣ ስምንት ልጅ የወለደችለት፣ በመጨረሻም አልቅሳ የቀበረችው ሴት ስሙን አታውቅም። አንዷ ብትሆን እርጅና ነው ብለን እናልፋለን። ቀበሌ ሙሉ ሴት እንዴት አንድ ላይ ይረሳል? ወረርሽኝ ገብቷል?

እኔ ወደዚያ የሄድኩት ለሌላ ነገር ነበር። ሆሳዕና ተቀምጬ የአካባቢውን ወሬ ስለቃቅም ፀጉሬ የሸበተ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። አለቃዬ የላከኝ ታብሌት ወረቀትን ተካ የሚል ደስ የሚያሰኝ ዜና እንዳመጣ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ይቀላል። አንድ ኃላፊ ያመሰግናል፣ አንዲት ባለመሬት ትደሰታለች፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፣ አለቀ። ከመናኸሪያ በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ከአንጋጫ ደግሞ በባጃጅ ጭቃ ለጭቃ ተንገጫግጬ ስደርስ የምዝገባው ሦስተኛ ቀን ነበር።

መዝጋቢዎቹ አራት ናቸው። ሆሳዕና ካለ አንድ የግል ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የተላኩ፣ የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪዎች። ሦስቱ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ከምባትኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ከእነሱ መካከል ይስሐቅ የሚባለው ዱራሜ ተወልዶ ዱራሜ ያደገ ነው። አራተኛዋ ኑሪያ ናት። የከሚሴ ልጅ። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እሷ ሆሳዕና ጨርቅ የምትሸጥ አክስቷ ዘንድ እየኖረች ትማራለች። ከምባትኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ጥቂት አማርኛ የሚችሉትን ሴቶች ብቻ ወደ እሷ ይልኩላታል። ከአራቱ ደካማዋ እሷ ናት ማለት ነው። ሱፐርቫይዘራቸው እንደዚያ ብሎ ነው ያስተዋወቀኝ፤ እሷ ቆማ እየሰማች።

አሁን ስለ መመሪያው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። ቀደም ባለው ጊዜ የሟች ወንድም ከሟቹ ሚስት ጋር ገብቶ «እሷ አታውቅም፣ እኔ ልናገርላት» እያለ መሬቱን በራሱ ስም ያስመዘገበበት አገር ጥቂት አይደለም። ይህን ለመከላከል አዲሱ መመሪያ አንድ ነገር አዘዘ። ሴቲቱ ብቻዋን ትገባለች። ማንም አይናገርላትም። የሚጻፈው ከራሷ አፍ የወጣ ብቻ ነው። ጥሩ መመሪያ ነው። ለሴቷ ታስቦ የተጻፈ ነው። ችግሩ «አታውቅም» የተባለ ፋይል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማሽኑ ራሱ አንሥቶ «ክርክር ያለበት» ወደሚል ዝርዝር ይወስደዋል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ መሬት ላይ ይገባኛል የሚል ሁሉ ማመልከት ይችላል። ማን ያመለክታል? የሟች ወንድም።

የድምፅ መቅጃዬን እያስተካከልኩ ሳለ ወይዘሮ አየለች ገቡ። ስድሳውን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ቁጭ አሉ። ይስሐቅ በከምባትኛ የባላቸውን ሙሉ ስም ጠየቀ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ደገመ። ዝም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱና የተቋጠረ ጨርቅ አወጡ። ፈቱት። ውስጡ ጠርዙ የተበላ፣ ፎቶው የደበዘዘ የቀበሌ መታወቂያ አለ። የሟች ባላቸው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በአንድ ጣት ወደ ይስሐቅ ገፉት።

«መታወቂያ አይቆጠርም እማማ። በቃል ነው» አለ ይስሐቅ። ልጁ ባለጌ አይደለም። መመሪያው የሚለውን ነው ያለው። ሦስተኛ ጠየቀ። ዝም አሉ። ታብሌቱን በጣቱ ነካ አደረገ። አታውቅም። «ቀጣይ!»

ኑሪያ ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ነበረች። «ይስሐቅ» አለችው፣ «ስሙን የማታውቅ ሴት መታወቂያውን ደረቷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች?»

«እኔ ምን ላርግ? ፎርሙ ነው።»

«ፎርሙን አይደለም የጠየቅሁህ፣ አንተን ነው።»

«አንቺ ወረፋሽን አትጨርሺም? ከሁላችን ኋላ ነሽ እኮ።»

ታብሌቷን ዘግታ ተነሣች። ወጣች። እኔም መቅጃዬን ይዤ ተከተልኳት፤ የዜናዬ ዶሮ በዚሁ ቀረ።

ውጭ ባህር ዛፍ ሥር ሴቶች ተሰልፈዋል። ወይዘሮ አየለች መታወቂያቸውን መልሰው እየቋጠሩ ነው። ሆሳዕና ገበያ ለዓመታት ቅቤ ሲሸጡ የኖሩ በመሆናቸው አማርኛ ያውቃሉ። ኑሪያ ሄዳ አጠገባቸው ሣሩ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«እማማ፣ የባልዎን ስም ረስተውት ነው?»

«ምን እረሳለሁ? ስምንት ልጅ ወልጄለት!»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

ወይዘሮ አየለች ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «አባቱ አለበታ» አሉ።

«የት?»

«ስሙ ውስጥ ነዋ! የባሌ ስም ሲጠራ ከኋላው አባቱ ይመጣል። የአማቴን ስም በዚህ አፌ ልጥራ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ከወደ ኋላ ልጅቱ አግብታ እንደሆነ ጠየቀች። አላገባችም። «ስታገባ ይገባታል» አለች ሴትዮዋ። ኑሪያ እነሱ አገር እንደሚጠራ፣ ማንም እንደማይከለክል ነገረቻቸው። ወይዘሮ አየለች ይህን ለሌሎቹ ሲተረጉሙ አንዷ አሮጊት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ምን ዓይነት አገር ነው? እዚያ ያሉ ሴቶች አሳዳጊ የላቸውም? አሉ አሉኝ። ኑሪያም ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ነገሩ ይህ ነበር። በከምባታም በሀዲያም ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ክብር ነው። ጠንከር ያሉት እናቶች ደግሞ ስሙን ብቻ አይደለም፣ በስሙ የመጀመሪያ ድምፅ የሚጀምረውን ሌላ ቃል ሁሉ ይተዋሉ። የአማቷ ስም «ቡ» ብሎ የሚጀምር ሴት ቡናን ቡና አትልም፤ ሌላ ስም ታወጣለታለች፣ ቤተሰቡም ይለምደዋል። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ያላት ሴት የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የልጅ ልጇ ከሚሆን ጎረምሳ ፊት፣ የአማቷን ስም ጮክ ብላ እንድትናገር ነው የተጠየቀችው። እምቢ ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ ዝም አለች። ዝምታዋን ደግሞ ማሽኑ «አታውቅም» ብሎ ተረጎመው። አክባሪነቷ እንደ አለማወቅ ተቆጥሮ መሬቷን ሊያስወስድባት ነው።

መንደሩ ገብቶ ሊነጥቅ የመጣ ሰው ቢኖር ከዚህ የተሻለ ወጥመድ ማሰብ ይችል ነበር? አይችልም። ደግሞ ማንም አላሰበውም። የሚያናድደው እሱ ነው።

እውነቱን ልናገር። እኔ ሀዲያ ነኝ። እናቴ በሕይወቷ የአባቴን አባት ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ግን ያን ዕለት ጠዋት ታብሌቱን ሳይ ትዝ አላለኝም። የመዝጋቢ ስህተት መሰለኝ። ይስሐቅን ቆይቼ ጠየቅሁት፤ ስለዚህ ነገር ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ።

«አያቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር» አለኝ፣ «ግን ጋሼ፣ ያ ድሮ ነው።»

አያቱ አርፈው እንደሆነ ጠየቅሁ። አላረፉም። ዱራሜ አሉ። ባለፈው እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።

ኑሪያ ምን አደረገች? ከቀበሌው ጸሐፊ በየማሳው የአባወራው ሙሉ ስም የሰፈረበትን የድሮውን የግብር መዝገብ ተዋሰች። ሴቲቱ ስትገባ ስም ማንበብ ጀመረች። አንዱ የእውነተኛው ባል ነው፣ ሌሎቹን ሆን ብላ ከሌላ ገጽ ትቀላቅላለች፣ ሴቲቱ ዝም ብላ ራሷን እንዳትነቀንቅ። የማይመለከታት ስም ሲነበብ ሴቲቱ «ውይ! እሱማ የጎረቤቴ ነው፣ እሷ ሰምታ እንዳትገድለኝ» ትላለች። የራሷ ሲደርስ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። በቃ። ማንም ስም አልጠራም፣ ማንም አልዋሸም። ከሰዓት በኋላ ስትመዘግብ የዋለቻቸው በሙሉ የባላቸውን ስም ያወቁ ሆኑ። ወይዘሮ አየለችም ተመልሰው ገብተው አወቁ።

አመሻሹ ላይ ሱፐርቫይዘሩ ከአንጋጫ ተመለሰ። ታብሌቷን ተቀበላት። ግማሽ ቀን ሣር ላይ ተቀምጣ ማሳለፏን ሰምቷል። ሌላ መዝገብ መጠቀሟንም ሰምቷል። ያደረገችውን ልታስረዳው ሞከረች። «መመሪያው ከአፏ ነው የሚለው» አላት፣ «ከአንገቷ አይልም።» እስከ ዛሬ ስንት ኃላፊ አነጋግሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ያለ ልምምድ የሚወጣለት ሰው ግን አላየሁም።

የልምምድ ውጤቷ ላይ «ኢንኮምፕሊት» ተጻፈ። ያ ካልተስተካከለ በሐምሌ አትመረቅም። አራት ዓመት ተምራለች። አባቷ ከሚሴ ሆኖ በየሳምንቱ እየደወለ ጋውኑ መቼ እንደሚለበስ ይጠይቃታል፤ ያን ቀን ጭነት እንዳይዝ ነው። የነገረችው ግን ምንም የለም። ለኔ ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ እኔስ ምንም አይደለም። አባቴን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። በዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፣ በቀላሉ አልናደድም፤ ያን ቀን ግን ባጃጁ ሲያንገጫግጨኝ ጉድጓዱንም ሾፌሩንም አልሰደብኩም። በልቤ ስሰድብ የነበረው አንድ የቦርድ ውሳኔ ነው።

ያ ኮሌጅ ባለፈው ዓመት የጋራ ኮርሶች የሚላቸውን ከሥርዓተ ትምህርቱ አውጥቶ ጣለ። ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ። ቦርዱ ሲወስን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ሰብሳቢው የኮምፒውተር ተማሪ ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ ልማድ ተምሮ ምን ይሠራለታል ብለው ጠየቁ። ገበያው አይፈልገውም አሉ። ወላጅም አጨበጨበ። ገበያው! ይህን ገበያ የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው የምጠይቀው ብዙ ነገር አለኝ። አንድም ሰው ፊቱን አላየውም፣ ሁሉም ግን የሚፈልገውን ያውቅለታል።

የእውነተኛውን ገበያ ነገር ካነሣን፣ በጃጁራ መንገድ ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ቦታ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለቅቤ ሻጮች መጠለያ ተሠራ። መሐንዲሱ ጎበዝ ልጅ ነው። ብረቱን ለካ፣ ንፋሱን አሰበ፣ መደቡን በሲሚንቶ አሳመረ፣ ለእያንዳንዷ ሻጭ የራሷን ክፍል ከለለ፣ ከላይ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ አለበሰ። ተመረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የቅቤው ነገር ምን እንደሆነ ገምቱ። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለ፣ ቅቤው በኮባው ዳር ዳር ወረደ። ሻጮቹም ጓደኛቸውን የማያዩበት ክፍል ውስጥ ተዘግተው፣ ዋጋ ሳይሰማሙ፣ ወሬ ሳያወሩ እንዴት ይነግዱ? ተነሥተው ወደ ዛፋቸው ተመለሱ። ዛሬ መጠለያው ውስጥ ፍየሎች ያድራሉ። መሐንዲሱን ቅቤ ሻጮቹን ጠይቆ እንደነበር ስጠይቀው ተገረመ። ስለ ምን? አለኝ። ስለ ሲሚንቶ?

የመሐንዲሱ ትምህርት ስህተት አልነበረም። ጎደሎ ነበር። ሰው የማይኖርበት ዓለም ላይ ቢሠራ ኖሮ መጠለያው ፍጹም ነበር።

ሌላም የሚያበሽቀኝ አለ። አሁን አሁን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚማሩ ታዘባችሁልኝ? ሆሳዕና ቤት የሚከራዩ ተማሪዎችን እዩ። የሶሮ ልጅ ከሶሮ ልጅ ጋር፣ የአንጋጫው ከአንጋጫው ጋር፣ ከሩቅ የመጣው ከራሱ ጋር። የቡድን ሥራ ሲሰጥም በትውውቅ ነው። ወላጅም ልጄ ሩቅ አይሂድብኝ፣ ካገሩ ልጅ ጋር ይሁንልኝ ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ዘመኑ ያስፈራል። ግን ከራሱ ሰው ጋር ብቻ የሚማር ልጅ ስለ ራሱ ማን ይጠይቀዋል?

እኔ ተማሪ ሳለሁ መኝታ ክፍሌ ውስጥ አንድ የአፋር ልጅ ነበረ። ከቤት ቆጮ ተላከልኝ፣ ቀመሰው፣ ፊቱን አኮማተረ፣ ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር። ከምንድን ነው የሚሠራው? ተክሉ እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ጉድጓድ ውስጥ ለምን ይቀበራል? የሚፍቁት ለምን ሴቶች ብቻ ሆኑ? ሃያ ዓመት ሙሉ በልቼዋለሁ፣ አንዱንም አልመለስኩም። ለእናቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሷ ሦስት ገጽ ሆኖ መጣ፤ ልጇ ስለ ቤቱ ጠይቋት ስለማያውቅ ደስ ብሏት ነው። ቤቴን እንዳውቅ ያደረገኝ ቤቴን የማያውቅ ልጅ ነው። በነገራችን ላይ ያ ትምህርት ፈተና አልነበረበትም፣ ክሬዲትም አልተያዘለትም።

ይህን ሁሉ ይዤ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ሰላማዊ ሰው ነው፤ ውሃ አስመጣልኝ። ነገሩን ከወይዘሮ አየለች መታወቂያ ጀምሬ አስረዳሁት። ኮሌጁ የጣለው ኮርስ ይህችን አንዲት ልጅ እንዳስተማራት፣ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሴት ከክርክር እንዳዳነ፣ እነሱ ደግሞ ኮርሱን ጥለው ልጅቷንም ሊጥሏት እንደሆነ ነገርኩት። ድምፄ ሳይበዛ አልቀረም። ጸሐፊዋ በሩን ከፈት አድርጋ አይታ ዘጋች።

ዲኑ እስክጨርስ ጠበቀ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት?»

«በል።»

«ኮርሱ የተነሣው ባለፈው ዓመት ነው። እነዚህ ልጆች አንደኛ ዓመት ላይ ወስደውታል። አራቱም። ሦስቱ ከእሷ የተሻለ ውጤት ነው ያላቸው። ታዲያ ለሦስቱ ምን ሠራላቸው?»

መረጃ ነው፤ ከመረጃ ጋር አልጣላም። ውሃውን ጠጣሁ። ከዚያ ስለ አፋሩ ልጅ ነገርኩት። ኮርሱ ብቻውን አይበቃም አልኩ፤ ኮርሱን የወሰደው ልጅ አጠገቡ እንግዳ ሰው ያስፈልገዋል። ኑሪያ እንግዳ ስለሆነች ጠየቀች፣ ኮርሱን ስለወሰደች እንዴት እንደሚጠየቅ አወቀች። ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ራሴን ሰማሁት፣ ጥሩ ተናገርኩ። ዲኑ ለኮሚቴ አቀርበዋለሁ አለ። ይህ ቃል በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ልጅቷን ያዳናት ግን የኔ ንግግር አይደለም። ምዝገባው ወደ ጎረቤት ቀበሌ ሲዛወር ሴቶቹ አንገባም አሉ። ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ስም የምታነበው ልጅ ካልመጣች ቤታችን እንሄዳለን ብለው ባህር ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሁለት ቀን ባዶ ወንበር ሲመዘገብ ዋለ። በመጨረሻ የወረዳው መሬት አስተዳደር ለኮሌጁ ደብዳቤ ጻፈ፤ እንድትላክላቸው ስሟን ጠቅሶ። ቀደም ሲል «አታውቅም» የተባሉትም ተጠርተው በእሷ መንገድ እንደገና እንዲመዘገቡ ተወሰነ። ኮሌጅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲያይ ዓይኑ ይበራል። ኮሚቴው በአንድ ጠዋት ተሰብስቦ «ኢንኮምፕሊት»ን ፋቀ። ሱፐርቫይዘሩም በልጅቱ ይኮራ ጀመር፤ ሐሳቡ በጋራ የመጣ እንደሆነ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ደግሞ ፕሮግራም ሠራሁ። የወይዘሮ አየለችን ድምፅ አሰማሁ፣ «አባቱ አለበታ» የሚለውን ሁለት ጊዜ። ስልኩ ተጨናነቀ። ከዱራሜ አንድ መምህር፣ ከሀቢቾ አንድ ገበሬ፣ ከሆሳዕና አንድ የመስጊድ ሽማግሌ ደወሉ፤ ሁሉም ልጆቻችን ሰው የሚያውቁበት ትምህርት ይመለስ አሉ። ቦርዱ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ገበያው ተለውጧል አሉ። የአንትሮፖሎጂ ኮርስ ከመጪው መስከረም ጀምሮ እንዲመለስ ተወሰነ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ዘገባዬ አንድ ነገር ሲለውጥ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ደስ አለኝ። ለጥቂት ቀን ሰዎች ሻይ ሲጋብዙኝ እምቢ አላልኩም።

ኑሪያ በሐምሌ ተመረቀች። አባቷ ከሚሴ ድረስ ሊወስዳት መጣ፤ ባዶ መኪና ይዞ፣ ጭነት ሳይዝ። በማግስቱ መናኸሪያው አጠገብ አክስቷ ሱቅ ልሰናበታት ሄድኩ። ዕቃዋን እያሰረች ነበር። የአንደኛ ዓመት ወረቀቶቿን ልትጥል ለይታ አስቀምጣለች። አንዱን መዘዘችና ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ይህንን ሳላሳይዎት እንዳልሄድ።»

የአንትሮፖሎጂ ማጠቃለያ ፈተናዋ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ልመልሰው። እውነት ወይም ሐሰት በሉ ይላል። ቁጥር አራት፦ በከምባታና በሀዲያ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አለመጥራቷ ዛሬ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ልማድ ነው። ኑሪያ «ሐሰት» ብላለች። ቀይ እስክርቢቶ አቋርጦበታል።

«ያኔ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ አላውቅም ነበር። ‘ሙሉ በሙሉ’ ሲል፣ ማን ሄዶ አይቶ ነው? ብዬ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ሦስቱም አግኝተዋል። ሞጁሉ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ስንት ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ፣ ይህን ነገር ከኮርሱ አገኘሽው ወይ ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም ነበር። በሬዲዮ ግን ተናግሬዋለሁ። ዲኑ ፊት ጠረጴዛ መትቼበታለሁ።

በማግስቱ ኮሌጁ ሄድኩ። ማባዣ ክፍሉ ውስጥ የመስከረሙ ሞጁል እየተባዛ ነበር፤ ወረቀቱ ገና ትኩስ ነው። አንዱን አንሥቼ ገለጥኩ። አዲስ ሽፋን አለው፤ መግቢያው ላይ ስለ ትምህርቱ መመለስ አንድ አንቀጽ ተጨምሯል፣ ሬዲዮ ጣቢያችንንም ያመሰግናል። ስለ አማቶች ስም ወደሚያወራው ገጽ ሄድኩ። ልማዱ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ይላል።